አባሪ፦ አንድ ኳስ

በምሠራበት ፍርድ ቤት ሁለተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሰውየው ክራቫት አስሯል፤ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሯል፤ ቀኝ እጁን ኮምፒውተር ላይ አሳርፏል፣ የበኩር ልጁን እንዳቀፈ አባት። ከኮምፒውተሯ ጎን አንዲት ማውስ ተጋድማለች፤ ማውሷን ልብ በሉልኝ። ከፎቶው ሥር በወርቃማ ፊደል «ኮምፒውተርን ወደ ፍርድ ቤታችን ያስገቡ» ይላል። በየማለዳው በዚያ ሳልፍ ቆሽቴ ያርራል። ሌላ ደረጃ ቢኖር ዞሬ እወጣ ነበር፤ የለም።

ያስገቡ! ማን እንዳስገባትማ እኔ አውቃለሁ። ካርቶኑን ተሸክመው ያስገቡት ሁለት የቀን ሠራተኞችና ተላላኪው ናቸው። ከካርቶን ከወጣች በኋላ ደግሞ ሥራ ያስጀመሯት ሁለት ታይፒስቶች ናቸው። አንዷ እናቴ ናት። ሁለተኛዋን ከዚህ ሕንፃ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ጽድቅ የሠራሁ እየመሰለኝ።

ያኔ ትምህርት ቤት የምማረው ግማሽ ቀን ስለነበር ከሰዓት በኋላ የምውለው እናቴ ዘንድ ነበር። የጽሕፈት ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት የጽሕፈት መኪና፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ፋይል። ሁልጊዜ የካርቦን ወረቀትና የአቧራ ሽታ አለው። የእኔ ቦታ እናቴ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ የወረቀት ካርቶን ነበር። እዚያ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ብዮቼን እቆጥራለሁ፤ የሁለት ሴቶችን እግር አያለሁ። የእናቴ ጫማ ጠፍጣፋ ነው። የሌላዋ ተረከዝ አለው፤ ስትናደድ ወለሉን ታንኳኳበታለች።

ሌላዋን በሆዴ «ባለጥፍሯ» እላታለሁ። ጥፍሮቿ አጫጭር ናቸው፣ ግን ምንጊዜም ደም መስለው ይቀላሉ። ጮክ ብላ ታወራለች፤ ስትስቅ ኮሪደሩ ይሰማታል፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሲገባ ከወንበሯ አትነሳም። እናቴ ግን ዝምተኛ ናት፤ ኃላፊው ሲገባ ከወንበሯ ግማሽ ትነሳለች። በእኔ ሚዛን ዝም የሚል ሰው ደግ፣ ጮክ የሚል ሰው ክፉ ነበር። ቀለሙ ደግሞ ትዕቢት መሰለኝ። ሴትየዋ የምትቀባው የጽሕፈት መኪናው ሪባን ቀለም ጥፍሯ ሥር ገብቶ አልለቅ እያለ ስላስቸገራት መሆኑን የተረዳሁት፣ ከዓመታት በኋላ የራሴ ጥፍር በፕሪንተር ቀለም ሲጠቁር ነው።

አንድ ሰኞ ሁለት ካርቶን መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ኮምፒውተር ሊገዛ ነበር፣ ለሁሉም ክፍል፣ አንድ ዓይነት። ሁለት ሻጮች ቀረቡ። ሁለቱም አንድ አንድ ማሽን ለአንድ ወር በአደራ ሰጡ። ታይፒስቶቹ ይሞክሯቸውና የሚሻለውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ከዚያ ኮሚቴው ፊት ፈተና ይሆናል፤ ያሸነፈችው ትገዛለች፤ የተሸነፈችው ወደ ካርቶኗ ተመልሳ ትሄዳለች ተባለ። አንዷ ማሽን የእናቴ ጠረጴዛ ላይ አረፈች፤ ሁለተኛዋ የባለጥፍሯ ላይ።

የእናቴን «ጥቁሯ» አልኳት። ስትከፈት መስኮቷ ጨለማ ነው፤ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። በባዕድ ፊደል ትእዛዝ ካልተጻፈላት ንቅንቅ አትልም፤ አንዲት ነጥብ ከተረሳች ትቆጣለች። የባለጥፍሯን «ባለሥዕሏ» አልኳት። እሷ ስትከፈት ታዜማለች፤ ከዚያ ፋይል፣ ወረቀት፣ የቆሻሻ ቅርጫት ሳይቀር በሥዕል ታሳያለች። ማውሷን ሲያንሸራትቱ ቀስት ትሄዳለች፤ ቀስቷን ሥዕሉ ላይ አድርገው ጠቅ ሲያደርጉ ፋይሉ ይከፈታል። ዛሬ ይህን ስተርክ ወጣት ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ «እና ይኼ ተአምር ነበር?» ይሉኛል። ተአምር ነበር። ደግሞም ያኔ ማሽን መምረጥ እንደ ጋብቻ ነው፤ አንዷን ከያዙ የሌላዋ ዲስኬት እንኳ አይነበብም።

ትልቁ ልዩነት ግን ያኔ ያልገባኝ ነው። ባለሥዕሏ ላይ ፊደላችን እንደተጻፈ ይታያል። ጥቁሯ ላይ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ታይፒስቷ ቁጥሩን ትመታለች፤ መስኮቱ ላይ የሚታየው የዶሮ ጭረት ነው፤ እውነተኛው ፊደል የሚታወቀው ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ነው። አንድ ቁጥር ከተሳሳተች የሰው ስም ይለወጣል። ፍርድ ቤት ውስጥ የሰው ስም ሲለወጥ ደግሞ ቤቱ ይለወጣል፣ ልጁ ይለወጣል፣ እስራቱ ይለወጣል።

እናቴ ቤት ውስጥ ሰሃን እያጠበች ቁጥር ታነበንብ ነበር። «ሰባ ሁለት… ሰማንያ አንድ… መቶ አራት…» እኔ ማሽኗን የወደደቻት መስሎኝ ነበር። ሰው ያልወደደውን ነገር ሰሃን እያጠበ ይጠራል? እያስፈራቻት መሆኑን ከየት ልወቀው።

የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላው «ቀይ እስክሪብቶ» ይለዋል። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ እሱ ነው። በቀይ ያልፈረመበት ወረቀት ከክፍሉ አይወጣም። ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ብዙ ጊዜ አንድ ሽቶ የሚሸት ወጣት ያስከትላል፤ የጥቁሯ ሻጭ ነው። ለእኔ ከረሜላ ይሰጠኛል፤ ኃላፊውን «ጋሼ» ይለዋል፤ ወንበር ሳይጋበዝ ይቀመጣል። ከረሜላው የአዝሙድ ነበር፤ አሁንም ጣዕሙ አፌ ላይ አለ፤ በጣም ወድጄው ነበር። የኃላፊው ሚስት ታናሽ ወንድም መሆኑን ግን ተላላኪው ለእናቴ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰምቼ፣ «ታዲያ ዘመድ ለዘመዱ ቢመጣ ምን አለበት?» ብዬ አለፍኩት።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመጣ የጽሕፈት ክፍሉ በር ተዘግቶ ነበር። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። የባለጥፍሯ ድምፅ ነው፤ የሚገርመው የእናቴም ነበረበት።

«አልፈርምም አልኩሽ! አንቺም አትፈርሚም!»

«አንቺ ምን አለብሽ? እኔ ልጅ አለኝ!»

«ልጅ ስላለሽ ነው አትፈርሚ የምልሽ! ነገ ምን ልትያት ነው?»

«ነገን ነገ ያውቃል። ዛሬ ግን ትበላለች።»

ከዚያ ተረከዟ ወለሉን ሲቀጠቅጥ ሰማሁ። በሩ ተበረገደና ባለጥፍሯ ሳታየኝ አለፈችኝ። እናቴ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ አንድ የተጻፈ ወረቀት አለ።

በቤታችን ፊርማ ማለት ደሞዝ ነው። እናቴ በወር አንድ ቀን «ዛሬ ፈርሜ እመጣለሁ» ካለች ማታ ዳቦው በማርማላታ ነው። ስለዚህ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህች ሴት እናቴን ደሞዟን እንዳትፈርም ትከለክላታለች፤ «ልጅ አለኝ» ብላ ብትለምናትም አልራራችም። ደሜ ፈላ።

ወረቀቱ ደሞዝ አልነበረም። ሁለቱ ይጽፉታል የተባለው ሪፖርት ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶ ራሱ ጽፎ፣ ጥቁሯ በሁሉም ረገድ ትበልጣለች ብሎ ጨርሶ፣ ከሥሩ የሁለቱን ሴቶች ስም አስቀምጦ፣ ፊርማ ብቻ አስቀርቶ የላከው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ንቋቸዋል። እናቴ ፈረመች። ባለጥፍሯ አልፈረመችም።

እኔ ደግሞ ካርቶኔ ላይ ተቀምጬ ሒሳቤን ሠራሁ። የተሸነፈችው ማሽን ወደ ካርቶኗ ከተመለሰች የእሷ ታይፒስትስ ምን ትሠራለች? ጠረጴዛዋ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሰው አይቀመጥም። እንግዲህ ጥቁሯ ከተሸነፈች እናቴ ትባረራለች። እንዲህ ያለች ጠበቃ ነበርኩ፣ በዘጠኝ ዓመቴ። ማንም ያልነገረኝን ሕግ አውጥቼ፣ ማንም ያላቀረበውን ክስ ሰምቼ፣ ፈረድኩ።

ፈተናው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ «ምንም ነገር እንዳትነኪ» ብላኝ ወጣች፤ ባለጥፍሯም ወጣች። ክፍሉ ጭር አለ። ባለጥፍሯ ማውሷን በየጠዋቱ ስታጸዳ አይቻለሁ፤ ትገለብጣታለች፤ ሆዷ ላይ ያለውን ክብ ክዳን በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች፤ አንዲት ግራጫ ኳስ መዳፏ ላይ ዱብ ትላለች፤ በጨርቅ ጠርጋት ትመልሳታለች። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ኳሷ ካሰብኩት በላይ ከባድ ናት፤ ላይዋ ላስቲክ፣ ውስጧ ብረት። ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ከተትኳትና ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ልቤ ድው ድው ሲል ትዝ ይለኛል፤ ከፍርሃት አልነበረም፣ ከኩራት ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ትልቁ ዳኛ መሐል ተቀመጠ። ቀይ እስክሪብቶ ቆሞ ያስተናብራል፤ ሻጩ ግድግዳ ተደግፎ ከረሜላ ያኝካል። ዳኛው አንድ የውርስ ውሳኔ ያነባል፤ ሁለቱ ይጽፋሉ፤ ያትማሉ። በቃ።

«ጀምሩ» አለ ዳኛው።

የእናቴ ጣቶች ቁጥር መምታት ጀመሩ። ባለጥፍሯ ማውሷን ያዘች፤ አንሸራተተች። ቀስቷ መሐል ላይ እንደተገተረች ቀረች። እንደገና አንሸራተተች። ሻጩ ሳቀ። ሴትየዋ ማውሷን ገለበጠች፤ ክዳኑን አዞረች፤ ባዶውን ጉድጓድ አየች።

ከዚያ ቀና ሳትል ዓይኗን ወደ ታች፣ ወደ እናቴ ጠረጴዛ ሥር ላከች። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ኳሷን ጨብጫለሁ። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና አለፈ። አላየችኝም አልኩ።

«ኳሷ የለችም» አለች ቀስ ብላ።

«የለችም ማለት?» አለ ቀይ እስክሪብቶ። «የት ሄደች?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም? እጅሽ ላይ ያለ የአደራ ንብረት አይደለም እንዴ? ክቡራን ሆይ፣ ይህን ይመልከቱልኝ። አንዲት ኳስ ብትጠፋ ይህች ማሽን ሬሳ ናት! ፍርድ ቤቱ በኳስ ሊተዳደር ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ያቺ ጮክ ብላ የምትናገር ሴት አንድም ቃል አልመለሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «የእጅሽን አገኘሽ» አልኩ በልቤ።

የእናቴ ወረቀት ታትሞ ወጣ። ዳኛው መነጽሩን ሰክቶ አነበበና ቅንድቡን አነሳ። «ይኼ ሟች ነው ወራሽ? ስሙ ሌላ ሰው ሆኗል እኮ።»

«ጌታዬ፣ አንዲት ቁጥር…» አለች እናቴ።

«ትንሽ ነገር ናት» አለ ቀይ እስክሪብቶ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አወጣና ስሙን በቀይ አረመው። «ይኸው። በእጅ ትስተካከላለች።»

ጥቁሯ ተመረጠች። እኔ ጠረጴዛ ሥር አጨበጨብኩ። እናቴ በጫማዋ እግሬን ረገጠችኝ፣ ጠንከር አድርጋ።

በሚቀጥለው ረቡዕ የስንብት ደብዳቤ ወጣ። «የአደራ ንብረት በማጥፋትና የፈተናውን ሂደት ሆን ብሎ በማሰናከል» ይላል። ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት! እስቲ አሁን ማን ይመልስልኝ፤ ተፈታኝ የሆነ ሰው የራሱን ማሽን ለምን ያበላሻል? ፈተናዋን ለመውደቅ? ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሱቅ ወይም ገበያ አልነበረም እኮ፤ ፍርድ ቤት ነው! ሦስት ዳኛ ባለበት ግቢ አንዲት ሴት ምስክር ሳይሰማባት ተፈርዶባት ወጣች።

ዕቃዋን ስትሰበስብ አየኋት፤ አንድ ኩባያ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ሹራብ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ነበር። ባለጥፍሯ ስትወጣ እናቴ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመችና እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት። ነገሩ ግራ ገባኝ። የተባረረ ሰው የተረፈውን ያጽናናል? ተንኮል ነው ብዬ ተገላገልኩ።

ተላላኪው በሩ ላይ ቆሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ። እያደር! ሃያ ሰባት ዓመት ነው እያደር የሚባለው?

ኳሷን ብይ አደረግኳት። መስታወቶቹን ብዮች ሁሉ ትበትናቸዋለች፤ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ብይ በላሁባት፣ ለዚያውም ከወንዶች። ከዚያ አንድ ጠዋት ኪሴ ውስጥ የለችም። ኪሴ ተቀዶ ይሆናል ብዬ ገልብጬ አየሁት፤ በአዲስ ክር ተሰፍቷል። «አሃ፣ ተቀዶ ነበር፣ ኳሷም ወድቃ ነበር፣ እናቴም በኋላ ሰፋችው» አልኩ። ልጅ ለራሱ ሲሆን ጎበዝ ጠበቃ ነው።

ዓመት እንኳ ሳይሞላ እናቴ አንድ ቀን እጄን ይዛ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለች አንዲት የጽሕፈት ሱቅ ወሰደችኝ። ውስጥ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ባለጥፍሯ። ያችው ወደ ካርቶኗ የተመለሰች ማሽን ፊቷ ተቀምጣለች፤ ሻጯ ለደንበኛ እንድታሳይለት ቀጥሯት፣ በኋላ ሱቁን ራሷ ይዛዋለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እዚህ ትማሪያለሽ» አለችኝ እናቴ።

«ይቺ ጠላታችን አይደለች እንዴ?» አልኩ መንገድ ላይ ስንመለስ።

እናቴ ቀጥ አለች። «ማነው ጠላት ያለሽ?» አለችኝ።

ባለጥፍሯ ዘንድ ስድስት ዓመት ተማርኩ። በመጀመሪያው ቀን «እትዬ በይኝ» አለችኝ፤ እትዬ አልኳት። በየቀኑ ከምንም በፊት አንድ ነገር ታዘኛለች። «ማውሷን ገልብጪ። ኳሷን አውጪ። ጥረጊያት። መልሺያት።» ንጹሕ ብትሆንም ታዘኛለች። አጠገቤ ቆማ ክዳኑን እስክዘጋ ታየኛለች። እንዴት ያለች ነዝናዛ ናት እያልኩ በውስጤ እሰድባት ነበር። ዛሬ የምበላውን እንጀራ የያዝኩት በዚያች ነዝናዛ ሴት እጅ ነው።

ጥቁሯ ምን ሆነች? ለስምንት ዓመት የሰው ስም ስታበላሽ ኖረች። እናቴ የሚታተመውን ሁሉ በማጉያ መነጽር ታነባለች፤ የተሳሳተውን በእጅ ታርማለች፤ ዓይኗ የደከመው በዚያ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ ጥቁሮቹን ሁሉ አውጥቶ ጣለና ሥዕልና ማውስ ያላቸውን ገዛ። ቀይ እስክሪብቶ አዲሷ ላይ እጁን ጭኖ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው ያ ነው። ማውሷን ልብ በሉልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የምስጋና ወረቀት ተቀብሎ በክብር ጡረታ ወጣ።

ባለፈው ወር፣ እናቴ ካረፈች በሦስተኛ ዓመቷ መሆኑ ነው፣ የድሮ የሠራተኛ ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነበር። ሥራዬ ነው፤ አቧራ አራግፋለሁ፣ ስቴፕል እነቅላለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ። ከሦስተኛው ቁልል የእትዬ ፋይል ወጣ። የስንብት ደብዳቤው አለ። ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ፣ አንድ ያበጠ ፖስታ ተሰፍቶበት።

ወረቀቱ በጥቁሯ አልተጻፈም። በእናቴ የጽሕፈት መኪና ነው፤ «መ» ሁልጊዜ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ አውቃታለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የጠፋችውን ኳስ ስለማስረከብ።

ኳሷን የወሰድኳት እኔ ነኝ። በሥራ ባልደረባዬ ላይ የተወሰደው እርምጃ ተነሥቶ በእኔ ላይ እንዲፈጸም በትሕትና አመለክታለሁ። በተጨማሪም ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩት ያየሁትን ሳይሆን የታዘዝኩትን መሆኑን አስታውቃለሁ።

አባሪ፦ አንድ (1) ኳስ።»

ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «አይቼዋለሁ። ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ። ይታለፍ።»

ፖስታውን ቀደድኩት። ኳሷ መዳፌ ላይ ዱብ አለች።

እናቴ ኪሴን የሰፋችው ኳሷን ካወጣች በኋላ ነው። ፈሪ ስላት የኖርኩት እናቴ፣ ለሰውየው ከወንበሯ ግማሽ የምትነሳው እናቴ፣ የእኔን ጥፋት በራሷ ስም ጽፋ ቀይ እስክሪብቶ ፊት አስቀምጣለች። እሱ ግን ሊቀበላት አልቻለም፤ የጥቁሯን ቁጥር የሚያውቅ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረውም። ለማሽኗ ሲል አንዷን አስቀረ፤ ስላልፈረመች ሌላዋን አባረረ። አይቼዋለሁ ይላል እኮ! አላየሁም ቢል እንኳ ምን ነበረበት?

የወረቀቱን ቅጂና ኳሷን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አርጅታለች፤ ሱቁን ዘግታ ቤቷ ነው የምትውለው። ጥፍሮቿ ዛሬም ቀይ ናቸው። ገና ሳልቀመጥ ኳሷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «እትዬ፣ እኔ ነበርኩ የወሰድኳት» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«እናቴ ነገረችዎት?»

«እናትሽ ምንም አልነገረችኝም። ጠረጴዛ ሥር አይቼሻለሁ አንቺ ልጅ። ኪስሽ አብጦ፣ ዓይንሽ ፈጥጦ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ‹ልጅቷ ናት› ብለው ቢናገሩ ኖሮ…»

«ብናገር ኖሮ እናትሽ ናት የምትባረረው። ልጇን አሰማርታ ፈተና አሰናከለች ይሏታል። እኔ አንድ ነፍስ ነኝ፤ እናንተ ሁለት ናችሁ።» ኳሷን አንሥታ በጣቶቿ አሽከረከረቻት። «ደግሞ ባትወስጃትም ሌላ ሰበብ አያጣም ነበር። ላልፈረመች ሴት ሰበብ ይታጣል?»

«ለምን አልተቆጡኝም? ስድስት ዓመት ሙሉ!»

«በየቀኑ ኳሷን አስወጥቼ አስመልሼሽ የለ? ከዚያ በላይ ምን ላድርግሽ።»

የእናቴን ወረቀት ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ኳሷን አይታ ያልደነገጠችው ሴት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋች። አንዴ ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ይህን ጽፋ ነበር?» አለች። «እኔ እኮ… እኔ ፈርማ የቀረች መስሎኝ ነው። አንቺን የላከችልኝ ይቅርታ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ለምን አልነገረችኝም?»

«ስላልተሳካላት ይሆናል።»

«አዎ፤ ያልተሳካ ነገር አትናገርም። እሷ እንደዚያ ናት።» ዓይኗን በሹራቧ ጠረገች። ከዚያ ጣቷ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ደረሰ። «ይታለፍ?» አለች። «ይታለፍ! ይህን እያየ? በፊርማዋ ላይ?» ድምፁ ያ የድሮው፣ ኮሪደር የሚሰማው ድምፅ ነበር። ተረከዝ የሌለው የቤት ጫማዋ ወለሉን መታው። «ተነሽ፣ ማሽኑን ክፈቺ!»

ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እንደ ድሮው።

«ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በይ። ጉዳዩ፣ የስንብት መዝገብ ስለማስተካከል። ካሣ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩም። ‹በማሰናከል› የሚለው ቃል ከስሜ ላይ ይነሣልኝ። የእናትሽ ማመልከቻ ግልባጩ ይያያዝ። ቀዩ በደንብ ይታይ። አሁን ያንቺን ጻፊ።»

«የእኔን ምን?»

«ያንቺን ነዋ! እናትሽ በውሸት ያመነችውን አንቺ በእውነት እመኚ።»

ጻፍኩ። «ኳሷን የወሰድኳት እኔ ነኝ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አይቶ ያለፈው ሰው ግን ልጅ አልነበረም።»

እትዬ ጮክ ብላ አነበበችው። ራሷን ነቀነቀችና «ፈርሚ» አለችኝ። ፈረምኩ። እሷም ከአጠገቤ ፈረመች፤ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት አልፈርምም ባለችበት እጇ፣ ሰፋ አድርጋ።

ስወጣ ከበሩ ጠራችኝ። «ኳሷን ዝም ብለሽ እንዳትሰጫቸው! በፊርማ አስረክቢ። ኋላ ደግሞ ጠፋች እንዳይሉ።»

በማግስቱ ጠዋት በፎቶው ሥር አለፍኩና የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ወጣቱ ጸሐፊ ደብዳቤውን ተቀበለ፤ ፖስታውን ከፍቶ አየና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ።

«አባሪ ነው። ቁጠርልኝ።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «አንድ» አለ።

«በል እንግዲህ፣ አንድ ኳስ ተረክቤያለሁ ብለህ ፈርምልኝ።»

ፈረመ። ቅጂዬን ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።